ኮምፒውተሩ ለፈተና ብቻ አይምጣ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ትምህርት ሚኒስቴር
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ለፈተና የቀረቡ ኮምፒውተሮች ዓመቱን ሙሉ ለትምህርት እንዲከፈቱ ስለመጠየቅ

ክቡራን የትምህርት ኃላፊዎች፣

በአንድ የወረዳ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ነኝ። ነገሩ የእኔ ትምህርት ቤት ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ በመምህራን ስብሰባ ላይ አንስቼው፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ እዚያው ይቀር ነበር። ነገር ግን በሥልጠናም በፈተና ጣቢያም የማገኛቸው የሌሎች ወረዳዎች ባልደረቦቼ የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። መፍትሔውም ያለው በእናንተ እጅ ስለሆነ በግልጽ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አቤቱታዬ አጭር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠቱን እደግፋለሁ። የከፋኝ ኮምፒውተሩ ልጆቹን ሳያስተምር ሊፈትናቸው መምጣቱ ነው።

የምደግፍበት ምክንያት አለኝ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን ተቋርጦ ወደ ሐምሌ ተሸጋገረ። አንዳች ጥፋት የሌለባቸው ልጆች ደብተራቸውን እንደገና ገለጡ። ከዚያ ወዲያ ፈተና በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት መዝጋት ተለመደ፤ በ2009ም በ2011ም አገሩ ሁሉ ለፈተና ሲባል ኔትወርክ አጣ። የ2014 ተፈታኞች ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው እንዲፈተኑ ተደረገ። ኩረጃው ሲቀንስ እውነቱ ወጣ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ለሕዝብ የነገራችሁት እናንተው ናችሁ፤ ያልደበቃችሁትን እያነሳሁ ላሳጣችሁ አልፈልግም። የወረቀት ፈተና ኅትመቱ፣ ማጓጓዙ፣ ጥበቃው ምን ያህል እንደሚከብድ ጣቢያ ላይ ስለሠራሁ አውቀዋለሁ። በ2016 ለጥቂቶች ተጀምሮ በ2017 የሰፋው የኮምፒውተር ፈተና ይህን ሸክም ያቃልላል።

አሁን ግን ለጥቂት ጊዜ ከተፈታኟ አጠገብ ተቀመጡልኝ።

የገጠር ቀበሌ ልጅ ናት፤ እንደ እሷ ያሉ በየክፍሉ አሉ። 12ኛ ክፍል እስክትደርስ ኮምፒውተር ያየችው በመጽሐፏ ሥዕልና በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልክ መነካካት ታውቃለች፤ እሱም የወንድሟ ነው። ፈተናው ሲቃረብ ኦሬንቴሽን ተብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ላብ ትገባለች። አንድ ማሽን ለሦስት ለአራት ይሰጣል። ማውዙን የሚይዘው ከመካከላቸው ደፋሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወንዱ። ተራዋ ሲደርስ ቀስቱ ከስክሪኑ ጥግ ገብቶ ይጠፋባታል፤ ማውዙ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ብድግ አድርጋ ወደ መሐል ልትመልሰው እንደምትችል የነገራት የለም። ሁለት ጊዜ መጫንና አንድ ጊዜ መጫን ምን እንደሚለያቸው ሳታውቅ የሚቀጥለው ቡድን ይገባል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የምታየው ዕጣዋ በሚወሰንበት ቀን ነው።

“ምን አለበት፣ መልሱን መጫን ብቻ አይደል?” የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እንዲህ የሚለው ተማሪ ወረቀት ላይ ሲሠራ ቆሞ ያላየ ሰው ነው። ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ምንባብ የሚያነቡት በእርሳስ እያሰመሩ ነው። የፊዚክስ ጥያቄ ሥዕል ሲመጣላቸው የኃይሉን አቅጣጫ በቀስት እዚያው ላይ ይሠራሉ፤ በሂሳብ ሦስት ማዕዘኑ ላይ የጎደለውን ዲግሪ ይጽፋሉ፤ የተጠራጠሩትን ጥያቄ ቁጥሩን ከብበው ያልፉታል። ስክሪን ላይ ሥዕሉን ወደ ባዶ ወረቀት መገልበጥ፣ ዓይንን ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ስክሪን ማመላለስ አለ። ረጅሙ ምንባብ ወደ ላይ ሲንሸራተት የነበሩበት መስመር ይጠፋቸዋል። መብራት ብልጭ ካለ ደግሞ ሲስተሙ መልሷን ቢያስቀምጥላትም ልጅቷ ልቧ እስኪመለስ ጊዜው ይነጉዳል። ይህ ሁሉ ለለመደው ቀላል ነው። ቤቱ ላፕቶፕ ላለው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ እንዲያውም ከወረቀት ይሻለዋል። የሁለቱ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሰዓታቸውም አንድ ነው። ልጅቷን የጣላት ማውዙ ከሆነ፣ በኬሚስትሪ ስም የተመዘገበላት ውጤት ስለ ኬሚስትሪ ምን ይነግራችኋል?

“ታዲያ እናንተ የአይቲ መምህራን ምን ትሠራላችሁ?” ብትሉኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ “ራይት ክሊክ”ን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ላቡ ከመማሪያ ክፍሌ አጠገብ ነው፤ ግን ተቆልፏል።

የሚቆለፈው በክፋት አይደለም። እንዴት እንደሚቆለፍ ካልነገርኳችሁ ደግሞ ይህን ደብዳቤ መጻፌ ከንቱ ነው። የመንግሥት ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ይገባል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ይወጣል፤ የፈረመ ይጠየቃል። ኮምፒውተር የተረከበ መምህር ማውዝ ቢሰበር፣ ቻርጀር ቢጠፋ፣ ስክሪን ቢሰነጠቅ ከደመወዙ ሊቆረጥበት እንደሚችል ያውቃል። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ይቆልፋል። ኦዲተር ሲመጣ ዕቃው ከነፕላስቲኩ፣ ከነካርቶኑ ይገኛል፤ ንብረቱን በአግባቡ ይዟል ተብሎ ይመሰገናል። ላቡን ከፍቶ ልጆቹን ያስለመደው፣ በዚያም መሐል ሁለት ኪቦርድ የተበላሸበት ባልደረባው ግን ማብራሪያ እንዲሰጥ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከሁለቱ የትኛውን መሆን እንደሚሻል አዲስ የተቀጠረ መምህር እንኳ በአንድ ወር ይገባዋል። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤትማ ኮምፒውተሮቹ ለፈተና የመጡ ስለሆኑ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውሉ የሚያዝ ማስታወሻ ከነማኅተሙ አይቻለሁ። “ሌላ አገልግሎት” የተባለው ማስተማር ነው።

የተበላሸው ማሽን ደግሞ አይሞትም። ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ግምት፣ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ እስኪሟላ ዓመታት መጋዘን ይተኛል፤ ሪፖርት ላይ ግን በሕይወት አለ። ትምህርት ቤቱ ቅጹ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ሁሉ ይሞላል፤ ወረዳው ይደምራል፣ ዞኑ ይደምራል፣ ክልሉ ይደምራል። ቁጥሩ እናንተ ጋ ሲደርስ የሞተውም፣ ከካርቶን ያልወጣውም፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደብዳቤ የሚጻፍበትም ለተማሪ የቀረበ ኮምፒውተር ሆኖ ይነበባል። ውሳኔ የምትሰጡት በዚህ ቁጥር ላይ ቆማችሁ ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የራሱ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ሆኗል፤ ደስ ብሎኛል። በመግቢያ ፈተናው የሚመጡት ግን እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ አፕቲትዩድና የየዘርፉ ትምህርቶች ናቸው። የማይፈተን ትምህርት በትምህርት ቤት ዓይን ግማሽ ትምህርት ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገፋ የእኔ ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ቲቶሪያል ይሰጣል። እንግዲህ ልጆቹን በኮምፒውተር ለሚሰጥ ፈተና ለማዘጋጀት ሲባል የኮምፒውተር ትምህርቱ ይታጠፋል ማለት ነው። መጀመሪያ ሲነገረኝ ስቄያለሁ። አሁን አልስቅም።

ይህ መንገድ አዲስ ቢሆን ኖሮ እንማራለን ብዬ ዝም እል ነበር። ግን ሄደንበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ጆሯችን ባልለመደው አነጋገር። መምህራችን ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ይናገርና ጥግ ይይዛል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም፤ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ፤ አይመለስም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በቂ መምህር ለሌለው ወረዳ የተሻለ ትምህርት ለማድረስ የታሰበ ነበር፤ ሠርቶላቸው የተጠቀሙም አሉ። የከሸፈው መምህሩን ይዞ ከመሄድ ይልቅ ከጥቁር ሰሌዳው ገለል ስላደረገው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው በአቅራቢያው ስላልነበረ ነው። የፕላዝማው የብረት ሳጥን ዛሬም ግድግዳ ላይ አለ፤ ጠመኔና ዳስተር ማስቀመጫ የሆነበት ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ።

በ2012 መጋቢት ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ደግሞ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ፤ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። ቴሌግራሙ ማን ጋ እንደደረሰ፣ ማን ጋ እንዳልደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ዓመት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ። በ2016 ክረምት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ። ይህኛውን ለተማሪዎቼ በሰልፍ ላይ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬት አለው፣ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል ብዬ ቀስቅሼያቸዋለሁ። ጀምረው የጨረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስንፍና አይደለም። ትምህርቱ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ፓኬጅ የሚሞላው ከቤት ወጪ ተቀንሶ ነው። በስልክ ስክሪን ኮድ መጻፍ ደግሞ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ትግራይ ውስጥ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት ኔትወርክ የጠፋባቸውን ልጆችም አስቡ፤ እነሱ ዘንድ ስለ ኦንላይን ማውራት ራሱ ያሳፍራል። ትምህርት ቤታቸው የፈረሰባቸውና የተዘጋባቸውማ ከእኔ ጥያቄ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አላቸው።

ጉዳቱ ፈተና ላይ ብቻ አይቆምም። ውጤት ሲለቀቅ ወደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ ውጡና ተመልከቱ። ውጤቱ በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ይለቀቃል፤ ተማሪው መለያ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላም እዚያው ነው። ኢሜይል የሚከፍትለት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። ፓስወርዱንም የሚያወጣለት እሱ ነው፤ እንዳይረሳው ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ያደርገዋል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሕክምና ነው ያለው ልጅ ሌላ ነገር ተሞልቶለት ሲገኝ የሚጠየቅ የለም፤ ራሱ ማየት አይችልማ። 12 ዓመት የተማረ ወጣት ስለ ራሱ የተጻፈውን መረጃ ለመክፈት ለአምስት ደቂቃ ሥራ ለሌላ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ስለ ዕውቀት ኢኮኖሚ በየመድረኩ እንሰማለን፤ ፋይል አያይዞ መላክ የማይችል ወጣት ግን በዚያ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚኖረው ድርሻ ሂሳብ ከፋይነት ብቻ ነው።

ሴት ልጆች ላይ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ወንዱ ማታ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ከጓደኛው ትከሻ ላይ አጮልቆ ይለምዳል። እሷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ውኃና እንጨት ይጠብቃታል፤ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ብትገኝም ስሟ ይነሳል። ለእሷ ያለው ብቸኛ ኮምፒውተር የትምህርት ቤቱ ነው፤ ብቸኛው ሰዓትም የትምህርት ሰዓት።

እንግዲህ የምጠይቀውን ልናገር። አዲስ ስትራቴጂ አልጠይቅም፤ እሱስ በቂ አለን።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የንብረቱን ነገር ፍቱልን። ከገንዘብ ሚኒስቴርና ከክልል ፋይናንስ ቢሮዎች ጋር ተመካክራችሁ፣ ለማስተማሪያ የዋለ ማውዝ፣ ኪቦርድ፣ ገመድና ባትሪ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ እንዲቆጠር መመሪያ አውጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ በቋሚ ንብረትነቱ ይመዝገብ፤ ግን በተማሪ እጅ ሳለ በአገልግሎት ብዛት የተበላሸውን ከተሰረቀውና በቸልተኝነት ከጠፋው የሚለይ አንድ ገጽ ቅጽ ይኑር፤ ያንን ቅጽ የሞላ መምህር ደመወዙን አይፍራ። ቸልተኛውና ሌባው በሕግ ይጠየቁ፤ አንከራከርም። የሞቱት ማሽኖችም በትምህርት ቤት ደረጃ የሚወገዱበት፣ አካላቸው ለሌላው መጠገኛ የሚሆንበት አጭር መንገድ ይፈቀድ። ከሦስት የተበላሸ አንድ የሚሠራ ማውጣት የሚችሉ ተማሪዎች አሉኝ፤ እንዳይነኩ የሚከለክላቸው ደንቡ ነው። ለዚህ ጥያቄዬ የሚያስፈልገው ፊርማ እንጂ በጀት አይደለም።

ሁለተኛም ሪፖርቱን ቀይሩት። ስንት ኮምፒውተር አለ ከሚለው አምድ ጎን አንድ አምድ ብቻ ጨምሩ፦ በዚህ ሩብ ዓመት ተማሪዎች ስንት ሰዓት ተቀመጡበት? ሱፐርቪዥን ሲመጣ ካርቶኑን መቁጠር ትቶ የላቡን መዝገብ ይጠይቅ። እኛ አገር የሚጠየቀው ነገር ይሠራል፤ የማይጠየቀው ይረሳል። በውሸት ሰዓት የሚሞላ አይጠፋም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ግን ተማሪዎቹን አንድ ፋይል ክፈቱና ስማችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ ብሎ ማየት ሐሰቱን በአሥር ደቂቃ ያወጣዋል።

ሦስተኛው የላብ ሰዓት ነው። በፈረቃ የምንሠራ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነን። የጠዋቱ ተማሪ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ጠዋት በተቃራኒ ፈረቃ ላብ እንዲገባ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። ላቡን የሚይዝ ቴክኒሻን መደቡ በመዋቅር ላይ ካለ ይቀጠርበት፤ ከሌለም ለሚሠራው መምህር የትርፍ ሰዓት ይታሰብለት። የአይቲ ክፍለ ጊዜ ለቲቶሪያል እንዳይወሰድ በጽሑፍ ይታገድልን። አለዚያ ትምህርቱ ወደ ፈተናው ይግባና የሚሆነውን እንይ።

ፈተናውን በሚመለከት ሁለት ነገር እለምናለሁ። የፈተናውን ሲስተም የሚመስል መለማመጃ፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተጭነውበት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሆኖ በመስከረም ይድረሰን። በፍላሽ ቢመጣ ይበቃናል፤ እኛ እናባዛዋለን። እንዲሁም ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት በኮምፒውተር ያልተለማመደ ተማሪ በኮምፒውተር እንዲፈተን አይገደድ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ መለማመዳቸውን ከነመዝገቡ ያረጋግጥ፤ ማረጋገጥ ያልቻለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በወረቀት ይፈተኑ። ይህ ለእናንተ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ አይጠፋኝም። ሁለት ዓይነት ፈተና ማዘጋጀት ይከብዳል፤ ግን ባለፉት ዓመታት ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሰጡ ኖራችኋል።

ስለ ይዘት ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ያለው በቂ ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት አንድ ሻል ያለ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር አድርጎ የመማሪያ መጻሕፍቱን ሶፍት ኮፒ፣ ከኢንተርኔት ውጭ የሚነበበውን ዊኪፒዲያ፣ ለሂሳብ ጂኦጀብራን፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያቀርባቸውን ፌት የተባሉ ማሳያዎች መጫን ይቻላል። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን ውስጥ አሲድ የሌለን ሰዎች ነን። የኤሌክትሪክ ዑደት ገጥሞ አምፖሉን የሚያበራ ልጅ፣ በስክሪን ላይም ቢሆን፣ ከመጽሐፉ ሥዕል በላይ ያገኛል። መምህራኑ ግን መጫኑንና በትምህርታቸው ውስጥ ማስገባቱን የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሥልጠናው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በፓወርፖይንት ባይሆን ደስ ይለናል፤ እዚሁ ላባችን ውስጥ በእኛው ማሽን ላይ ይሁን።

ግዢ ካለ ደግሞ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሁን። ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ያለ ስንብት ይጠፋል፤ ለእያንዳንዱ ዩፒኤስ ግዙ ማለት ሌላ ግዢ ነው። ላፕቶፕ የሚበላው መብራትም ያነሰ ስለሆነ አነስተኛ ሶላር ይችለዋል። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤታችን መብራት አልነበረም። ኃይል ማመንጨቱ አንድ ነገር ነው፣ የመጨረሻዋ ምሰሶ ሌላ። ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ስትነጋገሩ ትምህርት ቤቶችን አስታውሱልን።

ኮምፒውተሮቹን ለተማሪ ከከፈትናቸው ለፈተና የሚተርፍ አይኖርም የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም እሰማዋለሁ። ተዘግቶ የሚቀመጥ ኮምፒውተርም ይሞታል። ለወራት ቻርጅ ያልተደረገ ባትሪ ይደክማል፤ ገመዱን አይጥ ይበላዋል፤ አቧራው ፋኑን ይይዘዋል፤ ሰኔ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ስንቱ እንደማይነሳ ያየ ቴክኒሻን ጠይቁ። በየቀኑ የሚነካው ማሽን ብልሽቱ በዕለቱ ይታወቃል፤ ለመጠገንም ጊዜ ይኖራል።

ክቡራን፣ ለዚህ ደብዳቤ በግሌ መልስ አልጠብቅም። መልሱ ሰርኩላር ሆኖ፣ የንብረቱንና የክፍለ ጊዜውን ነገር ወስኖ፣ የመጪው ዓመት ምዝገባ ሳይጠናቀቅ በየርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ ይበቃኛል። የማይቻል ነገር ጠይቄ ከሆነም የትኛው እንደማይቻልና ለምን እንደማይቻል ብትነግሩን ከተማሪዎቻችንና ከወላጆች ጋር ሆነን በአቅማችን ሌላ መላ እንፈልጋለን። እስከዚያው እኔና ባልደረቦቼ ቅዳሜን ጨምሮ ላቡን ከፍተን ለማስተማር ዝግጁ መሆናችንን እያረጋገጥኩ፣ ውሳኔያችሁን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር

ግልባጭ፦
ለመምህራን ማኅበር
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት
ለየወረዳው የንብረት አስተዳደር ክፍል